የፊልሙን ሰዓት ማን ቆረጠው?

ዛሬ ስለ ፊልም ልናገር አልመጣሁም። ተዋናይም ዳይሬክተርም አላነሣም፤ ባነሣም ለሌላ ጉዳይ ነው። ርእሴ ድሮ በሲኒማ ቤት በር ላይ ይለጠፍ የነበረው፣ ዛሬ ደግሞ በየስልካችን የምናየው የሰዓት ዝርዝር ነው፤ «5:15፣ 7:50፣ 10:25፣ 1:00፣ 3:35» የሚለው። አብዛኞቻችን ከመካከሉ የሚመቸንን መርጠን እናልፋለን። እኔ ግን ይህን ዝርዝር እንደ ውል ነው የማነበው። የፊልሙ ባለቤትና የአዳራሹ ባለቤት ሲጓተቱ ሰንብተው የተስማሙበት ነገር በቁጥር ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ተመልካቹ በድርድሩ ላይ አልተቀመጠም። ሁለቱም ግን በእርሱ ስም ይከራከራሉ።

ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከአሜሪካ እወስዳለሁ፤ ዛሬ በየአገሩ የምናየው ባለብዙ አዳራሽ ሲኒማ ቤት የደረጀው በሰሜን አሜሪካ ነውና። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ቀኑንና ዓመቱን በአውሮፓውያን እናገራለሁ።

ፊልም መቼ እንደሚጀምር ማንም ግድ የማይሰጠው ዘመን ነበር። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ሲኒማ ሲያምረው ሰዓት ሳይጠይቅ ሄዶ ቲኬት ይቆርጥና ይገባል። ፊልሙ መሐል ደርሶ ይሆናል። መጨረሻውን ያያል፤ ቀጥሎ የዜና ፊልም፣ ካርቱን፣ ከዚያም ሁለተኛ ፊልም ይመጣል። በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ገበያ መሳቢያ ሆኖ ነበርና። የመጀመሪያው ፊልም ተመልሶ ሲጀምር ሰውዬው ቁጭ ብሎ ይከታተልና የገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ይወጣል። ገዳዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ አውቆ፣ ለምን እንደገደለ ኋላ የሚማር ተመልካች ማለት ነው። ለሲኒማ ቤቱ ይህ ምቹ ነበር። ወንበር ሲለቀቅ ወዲያው ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ በር ላይ ግፊያ የለም፤ ጽዳቱም እንደነገሩ ነው። ቀድሞ በተቆረጠ ሰዓትና በተያዘ ወንበር፣ ዋጋው ከፍ ተደርጎ የሚታየው እንደ 1939ኙ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ያለ ታላቅ ፊልም ብቻ ነበር፤ እርሱም ወደየሠፈሩ ሲወርድ እንደሌላው ይሆናል።

ይህን ልማድ ብዙ ነገር ሸርሽሮታል፤ የሚታወስበት ፊልም ግን አንድ ነው። በሰኔ 1960 አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በፖስተሩ ላይ ጎልታ የምትታየው ጃኔት ሊ ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ትሞታለች። አርፍዶ የገባ ሰው የሌለችን ሴት ሲጠብቅ ያመሻል። ባለ ሲኒማ ቤቶቹ «በር ላይ ደንበኛ ልንመልስ ነው?» ብለው ሠጉ። ደንበኛው ግን አልሄደባቸውም፤ መንገድ ዳር ተሰለፈ። ሰልፉም ራሱ ማስታወቂያ ሆነላቸው። በር ላይ የሚለጠፈው ሰዓት ክብደት እያገኘ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ጊዜ ሰዓት ከተቆረጠ ደግሞ ጥያቄው «ማን ይቁረጠው?» ወደሚለው መዞሩ አይቀርም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይህ ጥያቄ ብዙ ቦታ ላይ መልስ ነበረው። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ፊልሙንም ይሠሩ ነበር፣ በየትልልቁ ከተማ ያሉት ምርጥ ሲኒማ ቤቶችም የእነርሱ ነበሩ። የራሱ አዳራሽ ያለው ባለ ሲኒማ ቤት ደግሞ አንድ ጥሩ ፊልም ሲፈልግ አምስት የማይፈልገውን አብሮ እንዲወስድ ይገደዳል፤ በጅምላ ካልገዛህ በችርቻሮ የለም ነው። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓራማውንትና በሌሎቹ ላይ በሰጠው ውሳኔ ይህ አሠራር ታገደ፤ ስቱዲዮዎቹም ሲኒማ ቤቶቻቸውን እየለቀቁ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ፊልምና አዳራሽ የተለያየ ጌታ ስላላቸው እያንዳንዱ ሰዓት መነጋገሪያ ሆነ። ያ የፍርድ ውሳኔ ያመጣው እግድ በ2020 ተነሥቷል። ድርድሩ ግን በዚያው ቀጥሏል።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። በ1963 ስታንሊ ዱርዉድ የተባለ ነጋዴ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በአንድ የገበያ ማዕከል ሁለት አዳራሽ ጎን ለጎን ያለው ሲኒማ ቤት ከፈተ። አንዱ 400፣ ሌላው 300 ወንበር ነበረው። ኩባንያው ኋላ ኤኤምሲ ተብሎ የዓለም ትልቁ የሲኒማ ቤት ድርጅት ሆኗል። የዱርዉድ ስሌት ቀላል ነበር፤ ሁለት አዳራሽ፣ ግን አንድ ቲኬት መሸጫ፣ አንድ ፈንዲሻ መሸጫ፣ አንድ የማሽን ክፍል። ይህ የሚሠራው ግን ሁለቱ ፊልሞች በአንድ ሰዓት ካልጀመሩ ነው። 700 ሰው በአንዴ ወደ አንድ ፈንዲሻ መሸጫ ከመጣ ግማሹ ሳይገዛ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ሲገባ ሌላው መሐል፣ ሌላው ሲወጣ ይኸኛው ገና መሆን አለበት። በ1979 ቶሮንቶ ውስጥ 18 አዳራሽ፣ በ1995 ዳላስ ውስጥ 24 አዳራሽ በአንድ ጣራ ሥር ሲከፈት መርሁ ያው ነበር፤ ሒሳቡ ነው የከበደው።

ማሽኑም የራሱ ትእዛዝ ነበረው። በሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ፊልም ዘመን የሁለት ሰዓት ፊልም ሲዘረጋ 3 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በየሃያ ደቂቃው በሚያልቁ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ኦፕሬተሩ ከማሽኑ አጠገብ ንቅንቅ ማለት አይችልም። ኋላ ጥቅሎቹ ተቀጣጥለው እንደ ትልቅ ትሪ ባለ ዝርግ ዲስክ ላይ ሙሉ ፊልሙ መጠምጠም ሲጀምር፣ አንድ ሰው ከማሽን ማሽን እየዞረ አሥር አዳራሽ መጠበቅ ቻለ። እርሱም ሁሉንም በአንድ ደቂቃ ማስነሣት ስለማይችል ሰዓቶቹ መበታተናቸው ግድ ነበር። ዛሬ ፊልሙ በፋይል ይመጣል፤ የሚከፍተውም ለዚያ ማሽን ብቻ የተሠራ፣ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ የተወሰነለት የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ነው። ቀኑ ካለፈ ፊልሙ አይከፈትም። ልብ በሉ፣ ሰዓት የሚቆርጠው ሰው እጅ በማሽኑ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

ሰዓቱ የሚሠላው ከጠዋት ወደ ማታ አይደለም፤ ከማታ ወደ ኋላ ነው። የሲኒማ ቤት ውዱ ሰዓት ከምሽቱ 1:00 እስከ 2:00 ገደማ ነው፤ ሰው ከሥራ ወጥቷል፣ ወደ መኝታው አልሄደም። መጀመሪያ እርሱ ይቸነከራል፤ ሌላው በእርሱ ዙሪያ ይደረደራል። አንድ ምሳሌ እንሥራ። በሐምሌ 21 ቀን 2023 በአሜሪካ በአንድ ቀን ሁለት ፊልሞች ወጡ፤ 114 ደቂቃ የሚፈጀው «ባርቢ» እና 180 ደቂቃ የሚፈጀው «ኦፐንሃይመር»። በእያንዳንዱ ላይ 20 ደቂቃ ማስታወቂያ፣ 20 ደቂቃ ለመውጫ፣ ለጽዳትና ለመግቢያ እንጨምር። ባርቢ 154 ደቂቃ ሆነች፤ በአምስት ደቂቃ አጠጋግተን ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት እንበላት። ከምሽቱ 1:00 ላይ ቸንክረን ወደ ኋላ ስንቆጥር 10:25፣ 7:50፣ 5:15፤ ወደፊት ደግሞ 3:35 ይመጣል። በንግግሬ መክፈቻ ላይ የጠራሁት ዝርዝር ይኸው ነው። አምስት ዙር፤ የመጨረሻውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ያልቃል።

ኦፐንሃይመርን በዚያው ስሌት እንሞክረው። 220 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ከአርባ። ከምሽቱ 1:00 ወደ ኋላ 9:20፣ ከዚያ 5:40። ወደፊት ስንሄድ ከምሽቱ 4:40 ላይ ይወድቃል፤ ተመልካቹን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያስወጣዋል። ነገ ሥራ የሚገባ ሰው ይህን አይገዛም። ስለዚህ የረባው ሦስት ዙር ነው። በ300 ወንበር አዳራሽ ባርቢ በቀን 1,500 ወንበር ስታቀርብ ኦፐንሃይመር 900 ያቀርባል ማለት ነው፤ ቲኬቱ ግን ረዘመ ተብሎ በዚያ ልክ አይወደድም። እንግዲህ ረጅም ፊልም ያለው አከፋፋይ፣ ፊልሙን ለሲኒማ ቤቶች የሚያቀርበው ማለት ነው፣ ምን ያደርጋል? «ሁለት አዳራሽ ስጡኝ» ይላል። ያ ሁለተኛ አዳራሽ ከየት ይመጣል? ከትንሹ ፊልም። ስለ ፊልም ርዝመት ስንከራከር ዳይሬክተሩ አላሳጠረም እያልን ብቻ ነው የምንወቅሰው፤ እኔን የሚቆጨኝ ግን በጎን አዳራሹን የተነጠቀው፣ ስሙን እንኳ ሳንሰማ ያለፈው ፊልም ነው።

የኛ ታክሲ እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል። ሲኒማ ቤት ግን ሰዓቱ ከደረሰ ሦስት ሰው ይዞም ይነሣል፤ ዛሬ 10:25 ላይ ያልተሸጠ ወንበር ነገ አይሸጥም። የድርድሩ ጭንቀት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ድርድሩ ሰኞ ነው። በአሜሪካ የፊልም ሳምንት ዓርብ ይጀምርና ሐሙስ ያልቃል፤ የሳምንቱ መጨረሻ ገቢ እሑድ ማታ ይታወቃል። ሰኞ ጠዋት የሲኒማ ቤቶቹ ፊልም መራጮችና የአከፋፋዮቹ ሻጮች ስልክ ላይ ናቸው። የትኛው ይቆይ? የትኛው ወደ ትንሹ አዳራሽ ይውረድ? የትኛው አዳራሹን ለሌላ ፊልም ያካፍል? አከፋፋዩ ስለ አዳራሹ ስፋት ብቻ አይደለም የሚከራከረው፤ በቀን ስንት ዙር፣ ከዙሮቹም ስንቱ ማታ እንደሆነ ይቆጥራል።

የሁለቱ ጥቅም የሚጣላበት ቦታ አለ። ከቲኬቱ ገቢ የአከፋፋዩ ድርሻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍ ይላል፤ እየቆየ ሲሄድ ዝቅ የሚልበት ውል የተለመደ ነው። ስለዚህ አከፋፋዩ ዓለም ሁሉ በመጀመሪያው ዓርብ እንዲያይለት ይፈልጋል። ባለ አዳራሹ ግን ፊልሙ ሰንብቶ ቢታይለት ይወዳል። ከፈንዲሻና ከለስላሳ ገቢ ደግሞ አከፋፋዩ ሳንቲም አይነካም። በ2023 ኤኤምሲ ካስገባው 4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 1.7 ቢሊዮን የሚያህለው ከምግብና ከመጠጥ ነበር። አጫጭር ፊልም፣ ብዙ ዙር፣ በፈንዲሻው ፊት ለፊት ብዙ አላፊ የሚለው የባለ አዳራሹ ጸሎት ከዚህ የመጣ ነው።

ጉልበተኛ ፊልም ሲመጣ ውሉ ይጠብቃል። በ2017 ዲዝኒ ለ«ዘ ላስት ጀዳይ» ያቀረበው ቅድመ ሁኔታ በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ አነጋግሮ ነበር፤ ከቲኬት ገቢው 65 በመቶ ለዲዝኒ፣ ፊልሙም በሲኒማ ቤቱ ትልቁ አዳራሽ ለአራት ሳምንት ሳይወርድ ይቆይ የሚል። ለ24 አዳራሽ ይህ የሚዋጥ ነገር ነው። አንድ አዳራሽ ብቻ ላለው የገጠር ከተማ ሲኒማ ቤት ግን ሞት ነው፤ ከተማው በሙሉ በሁለተኛው ሳምንት አይቶ ይጨርሳል፤ የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ለባዶ ወንበር ማሳየት ነው። አንዳንዶቹ «ይቅርብን» ብለው ትተውታል። በ2023ም «ሚሽን ኢምፖሲብል» በሐምሌ አጋማሽ ሲወጣ በግዙፎቹ የአይማክስ አዳራሾች የቆየው ለአንድ ሳምንት ያህል ነው። አዳራሾቹ ለኦፐንሃይመር ለሦስት ሳምንት በውል ተይዘው ነበር። ፊልሙ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው የሚለው ክርክር እዚያ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ይህን የምላችሁ ዝርዝሩን ማንበብ እንድትችሉም ነው። ፊልም በድንገት አይወርድም፤ አስቀድሞ ሰዓት ያጣል። መጀመሪያ የማታው 1:00 ይወሰድበታል፣ ቀጥሎ አዳራሽ ያካፍላል፣ በመጨረሻ 5:15 እና 10:25 ብቻ ይቀሩታል፤ ያን ጊዜ ሐሙስን አያልፍም። ልታዩት የምትፈልጉት ፊልም እዚያ ደርሶ ካያችሁት ቅዳሜን አትጠብቁ።

ኮምፒውተርስ አይሠራውም ወይ? ይሠራዋል። በ2009 የአሜሪካና የሆላንድ ተመራማሪዎች አምስተርዳም ውስጥ 13 አዳራሽ ባለው ፓቴ ደ ሙንት በተባለ ሲኒማ ቤት ላይ የሠሩትን ጥናት አሳትመዋል። የእያንዳንዱን ፊልም ተመልካች በየቀኑና በየሰዓቱ ይገምቱና፣ ኮምፒውተሩ ከሚሊዮን አደራደሮች የተሻለውን እንዲመርጥ ያደርጋሉ። የልጆች ፊልም ማታ 3 ሰዓት ላይ እንዳይውል፣ ሳያስብ ለመጣ ሰውም ብዙ ሳይጠብቅ የሚጀምር ፊልም እንዳይታጣ የሚሉ ገደቦች ይሰጡታል። ሥራው ድንቅ ነው። የሰኞውን ስልክ ግን ኮምፒውተር አያነሣም፤ «ማታውን ካልሰጠኸኝ በገና የሚወጣውን አታገኝም» የሚል ዓይነት ንግግር በቀመር ውስጥ አይገባም።

በዝርዝሩ ላይ ያለው ሰዓት ራሱ እውነተኛው አይደለም። 1:00 ሲል መብራቱ የሚጠፋበት እንጂ ፊልሙ የሚጀምርበት አይደለም። በ2025 ኤኤምሲ ፊልሙ ከተጻፈው ሰዓት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ዘግይቶ እንደሚጀምር ለደንበኞቹ በግልጽ ማሳወቅ ጀመረ። ማሳወቁ ደግ ነው። ግን ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሰው ግማሽ ሰዓት ማስታወቂያ ማሳየትና በትሕትና መናገር ጥፋቱን አያስቀረውም። ውጤቱ ደግሞ አስቂኝ ነው፤ ሰዉ ይህን እያወቀ ማርፈድ ለመደ፤ ሂችኮክ በ1960 ከበር የመለሰው አርፋጅ በራሱ በሲኒማ ቤቱ ተጋብዞ ተመለሰ።

ከነጋዴዎቹ በላይ ሰዓት የሚቆርጡም አሉ። ኢየሩሳሌምን ተመልከቱ። በ2014 የተከፈተው ሲኒማ ሲቲ የተሠራው በመንግሥት መሬት ላይ ነው፤ በውሉ መሠረት ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ፣ በሰንበት ማለት ነው፣ ዝግ ሆነ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2015 እዚያው ከተማ የተከፈተው የስ ፕላኔት ግን በሰንበት ማሳየት ጀመረ፤ ተቃውሞም ገጠመው። አንድ ከተማ፣ ሁለት ዝርዝር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በረመዳን የቀኑ ዙሮች ይመናመኑና ከኢፍጣር በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ይደምቃል። ፈረንሳይ ውስጥ አዲስ ፊልም ረቡዕ የሚወጣው ልጆች ትምህርት የሌላቸው ቀን ከሐሙስ ወደ ረቡዕ በ1972 በመዞሩ ነው። በእኛም በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር፤ የማታው ፊልም ተመልካቹን ወደ ቤቱ በሚያደርስ ሰዓት ማለቅ ነበረበት።

አዲስ አበባን ካነሣን፣ እንደ አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ያለ አንድ አዳራሽ ላለው ሲኒማ ቤት ጥያቄው ሌላ ነው። አንዱ ፊልም ካልወጣ ሌላው አይገባም፤ ስለዚህ ነገሩ ወረፋ ነው። ቦሌ ኤድና ሞል ውስጥ እንደ ማቲ መልቲፕሌክስ ያለ ባለብዙ አዳራሽ ሲመጣ ግን የዱርዉድ ሒሳብ አብሮ ይመጣል። ሰዓቱን ማንንም ሳያማክር ይቆርጥ የነበረ ንጉሥ ካለ የሠፈሩ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ነበር። በበሩ ላይ ባቆማት ሰሌዳ በጠመኔ የሕንዱንም የካራቴውንም ይጽፋል፤ ሲያሻው በዳስተር ያጠፋል። ለአከፋፋይ የሚከፍለው ስለሌለ የሚደራደረውም አልነበረውም።

ታዲያ ማንም ሰዓት አልሰጥም ያለው ፊልም ምን ይሆናል? የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት ዘመን «ሳንኮፋ»ን ሠራ። ፊልሙ በ1993 ሲደርስ ስለ ባርነት የሚናገረውን ይህን ሥራ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱትም። አከፋፋይ የለም ማለት ሰኞ ጠዋት የሚደውል የለም ማለት ነው፤ የሚደውል ከሌለ 1:00 ቀርቶ 5:15 እንኳ አይገኝም። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። በዚህ ዓይነት ኪራይ ባለ ፊልሙ ለአዳራሹ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ የቲኬቱ ገቢ ሙሉ ለሙሉ የእርሱ ነው፣ ኪሳራውም እንዲሁ፤ የማታዋን ሰዓት ግን ማንም አይነጥቀውም። ማስታወቂያው በማኅበረሰቡ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በየሠፈሩ በአፍ ተላለፈ። ሳንኮፋ በዋሽንግተን ለ11 ሳምንታት ታየ። ከዚያም በዚሁ መንገድ አዳራሽ እየተከራዩ ወደ ሌሎች ከተሞች ወሰዱት።